መላክ ሌላ፣ መገብየት ሌላ

ጥያቄ፦ «ትልቋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ 8። ሁለቱንም ከትንሽነታቸው ጀምሮ ሱቅ እልካቸዋለሁ፤ ዳቦ፣ ስኳር፣ ክብሪት ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ትልቋን ‹ለእራት የሚሆን ነገር ገዝተሽ ነይ› ብዬ 500 ብር ሰጠኋት። ሱፐርማርኬት ገብታ ቺፕስ፣ የታሸገ ጭማቂ፣ ብስኩትና አንድ ፓስታ ይዛ መጣች፤ መልሱ 15 ብር ነው። ተቆጣኋት፣ አለቀሰች። ባለቤቴ ‹ገና ልጅ ናት፣ ስለ ኑሮ ውድነት ከአሁኑ አታስጨንቂያት› ይላል። እኔ ደግሞ ኑሮው እንዲህ እየሆነ ርካሹን መምረጥ ዛሬ ካልለመዱ መቼ ይለምዳሉ እላለሁ። ከየት ልጀምር? ስንት ብር ልስጣት? ከቤት ሠራተኛችን ጋር ብትሄድስ አይበቃም?» የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጅዎ አላጠፋችም። የተማረችውን በትክክል ሠርታ ነው የመጣችው፤ ችግሩ የተማረችው ነገር እርስዎ ተምራለች ብለው ከሚያስቡት የተለየ መሆኑ ነው።

ሱቅ መላክና መገብየት ለየቅል ናቸው። «ግማሽ ኪሎ ስኳር ከጋሼ ሱቅ፣ መልሱን እንዳትጥይ» ብለው ሲልኳት ዕቃውን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ መጠኑንም፣ ሱቁንም፣ ብሩንም እንዲሁ። የእሷ ድርሻ እግር መሆን ብቻ ነው። አገራችን ጨዋ ልጅ የምትለው «ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት» የሚለውን ነው። ለትሕትና መልካም ነው፤ ለገበያ ግን አንዳች አያስተምርም። 10 ዓመት ሙሉ የተላከ ልጅ የሽንኩርትን ዋጋ ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል። እስቲ ደግሞ ልጅዎ እስከ ዛሬ በራሷ ምርጫ የገዛችው ምን ምን እንደሆነ ያስታውሱ። ከመክሰስ ብሯ ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ቺፕስ። «ራስሽ ምረጪ» የሚለው ፈቃድ በልቧ የተያያዘው ከእነዚህ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ብሩን ይዛ ብቻዋን ስትገባ ወደምታውቀው መደርደሪያ ሄደች። ፓስታዋን መጨመሯ እንዲያውም እራቱን እንዳልረሳች ያሳያል። እኔ ብሆን ስለ ፓስታው አመሰግናት ነበር።

«ለእራት የሚሆን» የሚለው ቃልም ለእርስዎ እንጂ ለእሷ ሙሉ መልእክት አይደለም። እርስዎ ይህን ሲናገሩ ጓዳዎ በዓይነ ኅሊናዎ ተከፍቶ ይታይዎታል፦ ዘይት አለ፣ ሽሮው እስከ ሐሙስ ያደርሳል፣ ሽንኩርት ሁለት ራስ ቀርቷል፣ ቲማቲም አልቋል። እሷ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አታይም። ሱፐርማርኬቱ ደግሞ ለጀማሪ ክፉ ትምህርት ቤት ነው፤ ቺፕሱና ቸኮሌቱ በልጅ ዓይን ከፍታ ላይ፣ አለዚያም ካሸሯ አጠገብ የሚደረደረው በአጋጣሚ አይደለም። የብሩም መጠን ቢሆን፣ ሁለት ባለ 200ና አንድ ባለ 100 ኖት በልጅ እጅ ሀብት ይመስላል። ይህ ብር ስንት ኪሎ ድንች እንደሚሆን የምትለካበት ነገር የላትም።

ባለቤትዎ «አታስጨንቂያት» ማለታቸው ግማሽ እውነት አለው። «ብር የለንም፣ ኑሮ ገደለን፣ የአባትሽ ደመወዝ አይበቃም» የሚል ንግግር በየቀኑ መስማት የልጅን እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ሒሳብ አያስተምርም። የቤቱን ገበና፣ የደመወዛችሁን መጠን፣ ያለባችሁን ዕዳ ማወቅ አያስፈልጋትም። «ለዚህ ሳምንት አትክልት ይህን ያህል ብር አለ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ወሰን ነው፤ ልጅ ደግሞ ወሰኑ የታወቀ ጨዋታ ይወዳል። «ገና ናት» በሚለው ግን አልስማማም። በ11 ዓመት መደመር፣ መቀነስ፣ ማካፈል ትችላለች፤ ከዘገየን ዘግይተናል እንጂ አልቸኮልንም። ምናልባት ከሁለታችሁም ንግግር በስተጀርባ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት ይኖራል። አዎ፣ አይበቃም። ስለዚህ እራቱን በሙሉ በእሷ ላይ አይጣሉ፤ ማቡካቱን ግን አይከልክሏት።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። «ርካሹን መምረጥ ይልመዱ» ያሉት ዓላማ ራሱ መታረም አለበት፤ ልጆች በርካሽ ዕቃ ቤቱን ሊያከስሩ ይችላሉና። ጉሊት ላይ የበሰለው ለስላሳ ቲማቲም ከጠንካራው ይረክሳል። ዛሬ ማታ ስልስ ለሚሠራ ሰው ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው፤ ለሳምንት ለሚያስቀምጥ ግን ግማሹ ረቡዕ ላይ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ርካሹ በእጥፍ ተገዛ ማለት ነው። የሀበሻ ጎመን ቶሎ ይጠወልጋል፤ ጥቅል ጎመን ሳምንቱን ይዘልቃል። ትንንሹ ድንች በዋጋ ይቀንሳል፤ ሲላጥ ግን ከልጣጩ ጋር የሚሄደው ይበዛል። ሙዝ ሲመዘን ሲሶ ያህሉ ልጣጭ ነው። አረንጓዴ የለበሰ ድንች ደግሞ በነፃ ቢሰጥ እንኳን አይወሰድም፤ አረንጓዴው ድንቹ ለፀሐይ ተጋልጦ መቆየቱን ያሳያል፣ በውስጡም ሆድ የሚያውክ መርዝ ይኖራል። ስለዚህ ልጅዎ እንድትለምድ የምንፈልገው «የቱ ይረክሳል?» የሚለውን ሳይሆን «ለምን ወጥ ነው፣ መቼ ይበላል፣ ስንቱ ይጣላል?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

የታሸገ ዕቃ ላይ የሚያስፈልገው ሌላ ችሎታ ነው፤ ማካፈል። ለስሌት ያህል ባለ 1 ሊትር ዘይት 300 ብር፣ ባለ 3 ሊትሩ 840፣ ባለ 5 ሊትሩ 1,450 ነው እንበል (ዋጋው ይህ ጽሑፍ እስኪነበብ ይለወጣልና ቁጥሩን ሳይሆን ዘዴውን ያዙ)። አንዱ ሊትር በመጀመሪያው 300፣ በሁለተኛው 280፣ በሦስተኛው 290 ይወጣል። «ትልቁ ሁልጊዜ ይረክሳል» የሚለው የአዋቂዎች እምነት እዚህ ላይ ይወድቃል። ከጎኑ ደግሞ 279 ብር የሚል ጠርሙስ ይኖራል፤ ከባለ 300ው ረክሶ ይታያል። ጽሑፉን አስጠግታ ስታነብ 900 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሊትር ሲሰላ 310 ብር፣ ከሁሉም ውድ። ይህን አንድ ጊዜ ራሷ ደርሳበት ካየች ከእንግዲህ ጠርሙስ አይሸውዳትም። ስልኳ ላይ ባለው ካልኩሌተር ብታሰላው ምንም ነውር የለበትም። የማካፈሉን ትርጉም እስካወቀች ድረስ እጇ ሠራው ስልኳ ልዩነት የለውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አብረው ይንገሯት። ባለ 3 ሊትሩ በሊትር ቢረክስም 840 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣትን ይጠይቃል። ከጉሊት ዘይት በስኒ፣ ሽሮ በብርጭቆ የሚገዛ ሰው ሒሳብ ስላልገባው አይደለም፤ የዛሬው ብሩ ያን ያህል ስለሆነ ነው። ጎረቤቷ በስኒ ስትገዛ አይታ እንዳትንቅ ይህን ማወቅ አለባት።

ዕድሜ ይወስናል፤ የ8 ዓመቱን ልጅ ከእህቱ ጋር እኩል አይጠብቁት። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ልጆች ብዛትንና መጠንን እንዴት እንደሚረዱ ለማየት ያደረጋቸው ሙከራዎች የታወቁ ናቸው። እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት መስመር ዕቃዎች ተደርድረው አንዱ ተራርቆ ሲዘረጋ፣ ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአብዛኛው «የተዘረጋው ይበልጣል» ይላሉ። ቅርጽ ቢለዋወጥም ክብደት እንደማይለወጥ መረዳት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል፤ 9 እና 10 ዓመት ድረስ ሊሄድ ይችላል። አሁን ጉሊት ላይ ያለውን መደብ ያስቡ። አንዷ ሻጭ አምስት ቲማቲም አራርቃ ዘርግታለች፤ ሌላዋ ስድስቱን ቆልላ ደርድራለች። ወንድ ልጅዎን የቱ ይበልጣል ብለው ይጠይቁት፤ ከዚያ ይቁጠር፤ ከዚያ በሁለት እጁ ያንሣው። ለእሱ የዚህ ዓመት ትምህርት ይኸው ነው፦ መቁጠር፣ በእጅ መመዘን፣ መልስ መቀበልና ብሩን ደርድሮ መቁጠር። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ የ500 ግራም ፓስታ በአንድ እጁ፣ ድንች በሌላው ይዞ ማነጻጸር በቂ ሚዛን ነው። የሊትሩን ማካፈል ለእህቱ ይተዉላት።

የቤት ቀለብ በሦስት ዓይነት ሰዓት እንደሚሄድ አስተውለው ይሆናል። ጤፍና በርበሬ በዓመት ወይም በመንፈቅ ይታሰባሉ፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና ደመወዝ ሲገባ በወር፤ አትክልት ደግሞ በሳምንት። ልጅ መግባት ያለባት በሳምንቱ በር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ስሕተቱ በሰባት ቀን ውስጥ ይታያል፤ ቅዳሜ ሲመጣ እንደገና መሞከር ይቻላል። ከወርሃዊው አስቤዛ ከጀመረች ግን አንድ ስሕተት ወሩን ሙሉ ይከተላታል፣ እርስዎም ሳይወዱ በየቀኑ ያነሡባታል። ወርሃዊው ከስድስት ወር በኋላ ይምጣ። ዓመታዊው ላይ ለጊዜው በርበሬ በመቀንጠስ ትሳተፍ።

ስንት ብር ለሚለው፦ እኔ ቁጥር አልሰጥዎትም፤ ቁጥሩ ቤትዎ ውስጥ ነው። ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ለአትክልት ያወጡትን ይደምሩ፣ ለሦስት ያካፍሉ፣ በላዩ ላይ 10 በመቶ ይጨምሩ። 650፣ 700 እና 750 ከሆነ አማካዩ 700 ነው፤ 770 ይስጧት። ጭማሪው የጀማሪ ስሕተት ዋጋ ነው። ብዙ ወላጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ራሱ ከሚያወጣው አሳንሶ ይሰጥና «እስቲ እንዴት እንደምትቆጥቢ ልይ» ይላል። ይህ ፈተና እንጂ ትምህርት አይደለም።

ብሩ በእጇ የሚያዝ ኖት ይሁን። ቴሌብር በ2013 ከገባ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ገንዘብ ዓይን የማያየው ነገር እየሆነ ነው፤ ልጆች የሚያዩት እናታቸው ስልኳን ነካ ስታደርግ ዕቃው ሲመጣ ነው። ሲቀንስ ያልታየ ነገር አያልቅም ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። የምስጢር ቁጥርዎንም በዚህ ሰበብ አይስጧት።

ዝርዝሩን ከመሄዳችሁ በፊት ጓዳ ገብታችሁ አብራችሁ ጻፉ፣ በሦስት ክፍል። የመጀመሪያው የማይቀረው ነው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ መጠኑም በኪሎ ይጻፍ። ይህን ክፍል የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሁለተኛው የእሷ ምርጫ ነው፤ ከጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር ሁለቱን ትመርጣለች፣ ለምን እንደመረጠች ትናገራለች፣ እርስዎ ባይስማሙም ይገዛል። ሦስተኛው ከተረፈ የሚገዛ ፍራፍሬ ነው። መጀመሪያ የማይቀረውን ገዝታ ቀሪውን ቆጥራ ብቻ ወደ ሁለተኛው ታልፋለች። ውሳኔው ያለበት ሁለተኛው ክፍል ስለሆነ፣ ጊዜ የለም ተብሎ የሚዘለል ከሆነ ነገሩ ሁሉ ወደ መላክ ተመልሷል ማለት ነው።

ብሩ ካለቀ አይጨመርም። ከባዱ ይህ ነው፤ ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ክፍል ላይ ብሩን ስትጨርስ አንጀትዎ ይራራል፣ «በቃ እንኪ ይችን» ይላሉ። ያን ቅጽበት ወሰኑ ወሰን መሆኑ ይቀራል። ጓዳ ውስጥ ሽሮና ምስር እስካለ ድረስ ማንም ጦሙን አያድርም፤ ነጭ ሽንኩርት ረስታ ከሆነ ሳምንቱን ያለ ነጭ ሽንኩርት እንብላ። ሳይወቀስ፣ ሳይሾፍ። የእኔ ልጅ በ9 ዓመቱ «ርካሽ ነው» ብሎ ሁለት ኪሎ ቃሪያ ገዝቶ ያውቃል። ቃሪያ በስንግ፣ ቃሪያ በዳጣ፣ ቃሪያ በፍርፍር እያልን ሰባት ቀን ከረምን። አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ ሆዱ ራሱ ተናገረው።

ከገበያ የተረፈውን ብር በተመለከተ «መልሱን ለራስሽ ያዢው» አይበሉ። ለጋስነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይታያል። ልጅቷ የጠወለገ ጎመን እየገዛች የራሷን ኪስ መሙላት ትጀምራለች፤ የቤቱን ጥቅም ከእሷ ጥቅም ጋር ያጋጩት እርስዎ ስለሆኑ መቆጣትም አይችሉም። የተረፈው ለሚቀጥለው ሳምንት ይዙር፤ በሦስተኛው ክፍል ላይ ይጨመርላት። ሳታባክን የገዛች ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንጎ መምረጥ ትችላለች። የመክሰስ ብሯ ለብቻው ይሁን፣ ከዚህ ጋር አይቀላቀል።

አንድ ደብተር ይግዙላት። የዋጋ ደብተር። አሥር ዕቃ፣ በየሳምንቱ ቀኑ፣ የገዛችበት ቦታና የኪሎው ዋጋ። ይህ ለልጅቷ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስልዎት። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙዎቻችን በጭንቅላታችን የያዝነው ዋጋ አርጅቷል፤ ሱቅ ስንገባ «ይህ ውድ ነው» የምንለው ከድሮ ትዝታ ጋር እያነጻጸርን ነው። ደብተሩን የምትይዘው ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ከእርስዎ የተሻለ ዋጋ አዋቂ ትሆናለች፤ ይህ ደግሞ ለ11 ዓመት ልጅ ቀላል ክብር አይደለም። ጾም ሲገባ የእንቁላል፣ በፋሲካ ዋዜማ ከየቤቱ ዶሮ ወጥ የተነሣ የሽንኩርት ዋጋ ምን እንደሚሆን ራሷ ጽፋ ታያለች። ደረቅ ሽንኩርት አየር በሚያገኝበት ቦታ ሳምንታት እንደሚቆይ ካወቀች፣ በሚቀጥለው በዓል «ቀደም ብለን እንግዛ» የምትለው እሷ ትሆናለች።

የት ትግዛ? ለጀማሪ ጉሊትና የእሁድ ገበያ ከሱፐርማርኬት ይሻላሉ፤ ዕቃው ይነካል፣ ይነሣል፣ ሻጯ ትጠየቃለች። በሰፈራችሁ ያለው የሸማቾች ማኅበር ሱቅም በደብተሩ ውስጥ አንድ ዓምድ ይኑረው። «አትክልት ተራ ድረስ ብንሄድ ይረክሳል» የሚለው ሐሳብ ከመጣ ግን የታክሲው ሒሳብ ይጻፍ። ሦስት ኪሎ ለመግዛት ገበያው ወደ ተዛወረበት ኃይሌ ጋርመንት ድረስ ደርሶ መልስ የሄደ ሰው ያተረፈውን ለወያላ ሰጥቶ ይመለሳል። ለ50 ኪሎ ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

የገበያ አንደበትም ይማራል። «እትዬ፣ መጨረሻው ስንት ነው?» «ልምረጥ ወይስ ሳይመረጥ ነው?» ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ተመርጦ የሚሸጥበትና ሳይመረጥ የሚዘገንበት ዋጋ ይለያያል፣ ልጅ ሲሆን ደግሞ ከሥር ያለው የተቀጠቀጠው ሊዘገንለት ይችላል። ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ዓይኗ መርፌው ላይ ይሁን፤ ከመመዘኑ በፊት ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ ይቁም። ክርክርን በተመለከተ የግል አቋም አለኝ፦ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሦስት መደብ ቲማቲም ከምትሸጥ እናት ላይ ሁለት ብር ለማስቀነስ ልጅን ማሠልጠን አልወድም። «ይመርቁልኝ» ማለት ትማር። ያገሩ ልማድ ነው፣ ማንንም አያዋርድም፣ ብዙ ጊዜም አንድ ራስ ሽንኩርት ያስገኛል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሲሆን ደግሞ የሚያስፈልጋት ድፍረት ሌላ ነው፤ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውና ደረሰኙ ላይ የወጣው ዋጋ ሲለያይ «ይቅርታ፣ እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው» ማለት። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ ዋጋን በግልጽ ማሳየትና ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው፤ ልጅም ብትሆን የከፈለች ሸማች ናት።

ለልጅ የማይተዉ ዕቃዎች አሉ። ቅቤ፣ ማር፣ የተፈጨ በርበሬና ሥጋ ባዕድ ነገር ሲቀላቀልባቸው ወይም ሲቆዩ አዋቂም የሚሸወድባቸው ናቸውና አብራ ትሂድ፣ ታሽትት፣ ትይ፣ ግን አትወስን። የታሸገ ምግብ ላይ ቀኑን ማንበብ ትማር፤ እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ የአገር ውስጥ ምርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከውጭ የገባው በፈረንጆቹ ይጻፋል፤ በመካከላቸው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ ያው ቁጥር በአንዱ ገና ያልደረሰ፣ በሌላው ከዓመታት በፊት ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ሳታይ እንዳትወስን። ዱቤ ፈጽሞ አይፈቀድላት። ጋሼ ሱቅ ያለው የዱቤ መዝገብ የእናትና የአባት ብቻ ነው፤ «እማዬ ትከፍላለች» የሚለው ቃል እስካሁን የነገርኩዎትን ሁሉ በአንድ ቀን ያፈርሰዋል።

ገደቡንም ልንገርዎት። ይህ ሁሉ ቢሳካ የዘይት ዋጋ አይቀንስም። በሚገባ የተያዘ አስቤዛ የሚያድነው የሚባክነውን ነው እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፤ በአንድ ወር ውስጥ ወጪያችሁ በግማሽ ይወርዳል ብለው ከጠበቁ ልጅቷን ያለ ጥፋቷ ይቀየሟታል። ገቢያችሁ ለመሠረታዊ ምግብ እንኳን በማይበቃበት ወር ይህን ልምምድ ያቁሙ። ልጅ የእንቁላልና የዳቦ ምርጫ ውስጥ ገብታ ራሷን ማስራብ የለባትም፤ አንዳንድ ልጆች ቤቱን እንረዳለን ብለው በድብቅ ይህን ያደርጋሉ፣ ያስተውሉ።

ከቤት ሠራተኛችሁ ጋር መሄዷ ይበቃል ወይ ላሉት፣ እንዴት እንደምትሄድ ይወሰናል። ምናልባት በቤታችሁ ዋጋ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው እሷ ናት፤ የትኛዋ ሻጭ ሚዛኗ ቅን እንደሆነ፣ ቆስጣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ሽንኩርት ሲበሰብስ ከየት እንደሚጀምር ታውቃለች። ልጅዎ ከእሷ ተማሪ ሆና ከሄደች ጥሩ ነው። አዛዥ ሆና ዘንቢል አሸክማ ከሄደች ግን ሌላ ክፉ ትምህርት ይዛ ትመለሳለች። ብሩን የምትቆጥረውም ዘንቢሉን የምትይዘውም ልጅቷ ትሁን። ወንድ ልጅዎንም አይርሱት። በጥያቄዎ ውስጥ ስለ እሱ የጠቀሱት ዕድሜውንና ሱቅ መላኩን ብቻ ነው። ነገ እሱም ቤት ይይዛል፤ ሙዝና ብርቱካኑን ቆጥሮ የሚገዛ፣ መልሱን የሚቀበል እሱ ይሁን።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ብቻዋን መላኩን ለጊዜው ያቁሙና ስምንት ቅዳሜ አብረዋት ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እርስዎ እየገዙ ለምን እንደመረጡ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ «ይህን የተውኩት ግንዱ ስለረጠበ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል» እያሉ። በሚቀጥሉት አራት ብሩም ምርጫውም የእሷ ይሁን፣ እርስዎ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙ፣ እስክትጠይቅዎ ዝም ይበሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት እርስዎ አንድ ቦታ ቆመው ይጠብቁ፣ እሷ ዞራ ገዝታ ትምጣ። ብቻዋን ከቤት ወጥታ መግዛቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም አስፋልት የማያሻግር ጉሊት ካለ። የበዓል ዋዜማ ላይ አይጀምሩ፤ ግፊያውም ሌባውም ይበዛል። ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሆን ውጡ፣ ቁርስ በልታችሁ፤ የራበው ልጅ የሚያየው ሳምቡሳውን ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ 500 ብሩ አንድ ጊዜ ያነጋግሯት። «ምን እንደምፈልግ በደንብ ሳልነግርሽ ነው የላክሁሽ» ይበሏት፤ እውነቱም ይኸው ነው። ደብተሩን ከዚያ በኋላ ይስጧት።